ቪዛው ሳይመታ በሬው አይሸጥ

«የተወለድኩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። አሁን ጀርመን፣ ኮሎኝ አጠገብ ማስተርሴን እየተማርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ አባባንና እማዬን እኔ ጋ ለመላክ ወስኖ ፓስፖርት አውጥቶላቸዋል። ሐሳቡ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሦስት ወር እንዲቀመጡ ነው። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን የማስረክበው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። የምኖረው ዶርም ውስጥ 16 ካሬ ክፍል ነው፤ ኩሽናውን ከሌሎች አራት ተማሪዎች ጋር እጋራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። እነሱ ግን ቢሮ የምሠራ ነው የሚመስላቸው፤ ያልኳቸው እኔው ነኝ። ጓደኛዬ ቤት የተነሳሁትን ፎቶ እማዬ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። አባባ ደግሞ ለትኬቱ ሁለቱን በሬዎች ሊሸጡ ነው አሉኝ። እማዬ ፍልሰታን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ የማታውቅ ሰው ናት፤ እዚህ እንዴት እንደምትሆን አላውቅም። ጓደኛዬ 3 ሺህ ዩሮ ላበድርሽና ቤት ተከራይተሽ ተቀበያቸው ትለኛለች። ልከራይ? ወይስ ዘንድሮ አትምጡ ልበል? ግራ የገባኝ፣ ከራይን ዳር»

ግራ የገባሽ እኅቴ፤

ከበሬዎቹ ልጀምር። ሌላው ጉዳይ ሁሉ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢያድር ምንም አይሆንም፤ ይህ ግን አያድርም። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለወንድምሽ ደውዪና ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ በሬ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ተነጋገሩ።

የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የሸንገን ቪዛ፣ ማለት ወላጆችሽን ጀርመን የሚያስገባቸውን የጉብኝት ቪዛ፣ የሚያጠብቅ ውሳኔ አሳልፏል። በዚያ ውሳኔ መሠረት ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዘመ፤ ቪዛውም አንዴ ብቻ የሚያስገባ ሆነ። ክፍያው ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ተከልክለው የሚመለሱ ወላጆች ደግሞ ብዙ ናቸው። ትኬት የሚገዛው ቪዛው ከወጣ በኋላ ነው፤ ለማመልከቻው የበረራ ቦታ ማስያዣው ወረቀት ይበቃል። አባትሽ ዛሬ በሬ ሸጠው ከሁለት ወር በኋላ «ተከልክለዋል» ቢባሉ፣ ገንዘቡ በእጃቸው ይቀልጣል፣ መሬቱም ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ጥማድ በሬ ሸጦ መልሶ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሌላም ነገር አለ። ቪዛ ሰጪው ወላጆችሽን የሚጠይቃቸው ዋናው ጥያቄ «ትመለሳላችሁ ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ በወረቀት ነው የሚሰጠው፦ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የጋብቻ ማስረጃው፣ እዚያ የሚቀሩት ልጆች፣ በእርሻ እንደሚተዳደሩ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ። ባለ ጥማድ ገበሬ ለመመለስ ምክንያት አለው። ከብቱን ሸጦ የተነሳ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ ነው የሚመስለው። አባትሽ «ለልጄ ብዬ» ካሉ በአንቺ ቃል ብቻ አይመለሱም፤ ወንድምሽ ይህን ያስረዳቸው። ማባበያ አይደለም፣ እውነት ነው።

ግብዣው ከአንቺ ይምጣ እንጂ የወጪውን ዋስትና አንቺ ላይ አትጣሉት። ጀርመን ተማሪ ስትቀበል ብሎክድ አካውንት፣ ማለት በየወሩ እየተቆነጠረ ብቻ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ፣ ውስጥ እንዲያስቀምጥ የምትጠይቀው በወር 992 ዩሮ ነው፤ ያም ለአንድ ሰው መኖሪያ ተብሎ የተተመነ። ከዚያ ላይ ሦስት ሰው ይበላል ብሎ የሚያምን የቆንስላ ሠራተኛ አይኖርም። የወንድምሽ የባንክ መግለጫና የሥራ ደብዳቤ ይቅደም። የጉዞ የጤና መድኑ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ መሸፈን አለበት። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል ቀጠሮ ቶሎ ያዙ። የኛን አካባቢ መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ባለፉት ዓመታት አንዱን ሰሞን ተከፍቶ ሌላውን ሰሞን ሲዘጋ ኖሯል። ለአሻራ ቀጠሮ ከመሐል ሜዳ በዋዜማው መነሳት አያዋጣም፤ ሳምንት ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቤት አትከራዪ። አትምጡም አትበዪ።

የማያዛልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል ይባል የለ? 3 ሺህ ዩሮ ሳህን በማጠብ ለመመለስ ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደሚፈጅ አስልተሽዋል? ለአንቺ የተፈቀደልሽ ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ሄደሽ ዕዳ ልክፈል ብትይ የመኖሪያ ፈቃድሽን ነው የምትነኪው። ገንዘቡን እንኳ ተይው። ሶፋና ትልቅ ቴሌቪዥን ያለበት ሳሎን ካሳየሻቸው፣ ወላጆችሽ አገር ሲገቡ የሚያወሩት ያንን ሳሎን ነው። ለከርሞ የአጎትሽ ልጅ «አንቺ ጋ ቦታ አለ» ተብሎ ይላክብሻል። የለም ስትዪ ደግሞ «ጨካኝ ሆነች» ይመጣል። ለሦስት ወር የተከራየሽው ቤት የዓመታት ክስ ይሆንብሻል።

ቢሮ እሠራለሁ ባልሽው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የደብዳቤሽ እምብርት እሱ ነው። ክፍልሽ ቢሰፋ ኖሮም እንቅልፍ የምታጪ ይመስለኛል።

አልፈርድብሽም። ለእናት ስልክ ደውሎ «ዛሬ ለስምንት ሰዓት ቆሜ የሰው ትራፊ ስጠርግ ዋልኩ» ማለት ቀላል አይደለም። በስልክ የተባለች ቃል ግን ሰዎቹ በአካል ሲመጡ አትቆምም። ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራበት ሳሙና ጣት ይሰነጥቃል፣ ጥፍር ዙሪያ ያለውን ቆዳ ይልጣል። እናትሽ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እጅሽን ይዘው ሲስሙሽ ያገኙታል። ቅዳሜ ሌሊት ስትገቢ ጸጉርሽ የተጠበሰ ዘይት ይሸታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ምጣድ ፊት የኖሩ ሴት ናቸው፤ የዘይት ሽታ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ሊጠፋቸው አይችልም። አንድም ቀን አይጠይቁሽ ይሆናል። ሳይጠይቁሽ ማወቃቸው ነው የሚከፋው፤ ያን ጊዜ አንቺም ትደብቂያለሽ፣ እሳቸውም አላየሁም ብለው ይደብቃሉ፣ ሦስት ሰው በ16 ካሬ ውስጥ እየተጠባበቀ ይኖራል።

እዚህ ደብረ ብርሃን ልጆቻቸውን ጠይቀው ከባሕር ማዶ የተመለሱ እናቶች አውቃለሁ። አንዲቱን «እንዴት ነበር?» ብንላቸው «እንደ ታቦት አስቀመጡኝ» አሉን። ወጥ ሊሠሩ ሲነሱ «አንቺ አትልፊ»፣ ሳህን ሊያነሱ ሲሉ «ማሽን አለ»፣ ሊወጡ ሲሉ «ትጠፊያለሽ»። ልጃቸው ምን እንደምትሠራ፣ ማታ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ ለምን ዓይኗ እንደሚቀላ የነገራቸው የለም። ጠግበው፣ ሞቋቸው፣ አዲስ ካፖርት ለብሰው ተመለሱ፤ ስለ ልጃቸው ግን ሲሄዱ ከሚያውቁት የበለጠ የሚያውቁት አልነበረም። እኔ ከዚያ ወዲህ ወላጅ ልኮ የሚጠይቀኝን ሁሉ የምመልስለት አንድ ነገር ነው፦ ወላጅ በጠባብ ቤት አያዝንም፤ የሚያዝነው በልጁ ኑሮ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ሲያጣ ነው። እናትሽ የሚመጡት ጀርመንን ለማየት አይደለም፤ ምን በልተሽ፣ የት ተኝተሽ፣ ከማን ጋር ተጣልተሽ እንደምትኖሪ ለማየት ነው።

ስለዚህ ንገሪያቸው፤ ቪዛው ሳይወጣ፣ በስልክ። እነሱ መጥተው ደጅ ላይ ከመስማት ሁለት ወር ቀድመው ሰምተው ቢያለቅሱ ይሻላል። አታቅማሚ፣ ይቅርታ በይቅርታም አታድርጊው፤ ወንጀል የሠራሽ ይመስላል። «እማዬ፣ ቢሮ ነው ያልኩሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው። ቅዳሜና እሑድ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። የቤት ኪራዬን የምከፍለው በሱ ነው፤ ሌላውን ቀን ትምህርቴ ላይ ነኝ፤ እዚህ ያለ ተማሪ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሠራው። ያ ፎቶም የጓደኛዬ ቤት ነው፤ የኔ ክፍል አንድ ናት፣ ስትመጪ ታያታለሽ።» ይኸው ነው። ያለቅሳሉ፤ ይልቀሱ። በማግስቱ «ለመሆኑ ጓንት አላቸው?» ብለው ይደውላሉ። ካመንሽኝ ይህ ነው የሚሆነው።

ለአባትሽ እናትሽ ይንገሯቸው። መንዜ ገበሬ በሥራ አያፍርም፤ የሚያፍረው ሰው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሲያበላው ነው። ለጎረቤትና ለማኅበርተኛ ምን እንደሚያወሩ ደግሞ የነሱ ጉዳይ ነው፤ «ልጄ ቢሮ ነች» ብለው ቢቀጥሉ አታርሚያቸው። ፎቶውንም ከግድግዳ አታስወርጂ።

ቀጥሎ ቀኑ። ሦስት ወር ብዙ ነው፤ ሰኔም መጥፎ ነው። ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ስለሚፈቅድ ብቻ 90 ቀን መቆየት ግዴታ አይደለም። ሰኔና ሐምሌ አንቺ ጽሑፍሽን የምትጨርሺበት ጊዜ ነው። እዚያ ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዕድሜ ልኩን 12 ሰዓት ላይ ሲመሽለት የኖረ ሰው መቼ እራት በልቶ መቼ እንደሚተኛ ግራ ይገባዋል። ደግሞ ሙቀቱ! ሁሉም ሰው ለወላጅ ብርድ ነው የሚፈራው። ያንቺ ወላጆች ግን ከባሕር ጠለል 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ብርዳም አገር፣ ባና ተከናንበው የኖሩ ናቸው፤ ኮሎኝ ያለችው 50 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። የሐምሌ ሙቀት ሲነሳ ዶርሙ ማቀዝቀዣ የለውም። እነሱን የሚያሠቃያቸው ያ ነው።

እኔ ብሆን ከነሐሴ 16 በኋላ አስመጣቸው ነበር። ጽሑፍሽን አስረክበሻል፣ ዩኒቨርሲቲው ዕረፍት ላይ ነው። እናትሽ ሱባዔያቸውን በደብራቸው ጨርሰው፣ ፍልሰታን ፈተው ይመጣሉ፤ ያስጨነቀሽ የጾም ጉዳይ በዚሁ ተፈታ፤ ረቡዕና ዓርብን የትም ይጾሟቸዋል። እርሻው ዘር ተዘርቶ፣ አረሙ ተነቅሎ፣ አጨዳው ገና ህዳር ላይ ነው። እንቁጣጣሽን አብራችሁ ታደርጋላችሁ፤ ከመስቀል በኋላ ይመለሳሉ። አምስት ሳምንት ከምናምን ይሆናል። አምስት ሳምንት እነሱም ሳይሰለቹ፣ አንቺም ሳትሰለቺ የሚያልቅ ልክ ነው። የምን እንቁጣጣሽ ከቤት ውጭ የሚል ዘመድ ከተነሳ ወንድምሽ ይመልስለት።

ጊዜው ለቤቱም ይስማማል። በዕረፍቱ ብዙ ተማሪ ወደ አገሩ ሲሄድ ክፍሉን ለአንድ ወር ለሌላ ያስተላልፋል። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ካልሆነ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የአንዱን ክፍል ለአምስት ሳምንት ያዢ፤ የጓደኛሽን ብድር ሩቡን እንኳ አይፈጅም። ወላጆችሽ እዚያ ይተኛሉ፣ አንቺ በክፍልሽ። ከሁሉ በፊት የዶርሙን አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቂ፤ እንግዳ የሚያድርበትን ቀን የሚገድብ ውል ሊኖር ይችላል። ክፍል ከጠፋ አልጋውን ለነሱ ልቀቂና አንቺ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርጊ። «መሬት አትተኚም» ብለው ሦስት ሌሊት ይከራከሩሻል፤ በአራተኛው ይተዋሉ።

ኩሽናው የሚያሰጋ ቦታ ነው። አራቱን ተማሪዎች ቀድመሽ አነጋግሪ፤ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ እናትሽ የሚያበስሉት በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሪያቸው። የመጀመሪያውን እሑድ ጥሪያቸውና ዶሮ ወጥ ይብሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቅሬታ ግማሹ ይቀራል። ቡና በክፍልሽ ውስጥ አይቆላም። ጀርመን ውስጥ መኝታ ክፍል ሁሉ ጣሪያው ላይ ጢስ የምትሸት ነጭ መሣሪያ አለችው፤ የቡናው ጢስና ዕጣኑ አብረው ሲነሡ ትጮኻለች። ዶርም ከሆነ ጩኸቱ ሕንፃውን ሙሉ ሊያስወጣ፣ አንዳንድ ቦታ የእሳት አደጋ መኪና ሊያስመጣም ይችላል፤ ሂሳቡም ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ቡናው ከዚህ ተቆልቶ ይምጣ፤ እዚያ ጀበናና ሲኒ ይበቃል። ዕጣን ካልተጨሰማ ቡና አይሆንም ካሉ መናፈሻ ውሰጃቸው። ለእናትሽ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙቀጫ እንደማይወቀጥ ንገሪ። ቅሬታ ይዞ ከመጣ ጎረቤት ጋር እሳቸው አይነጋገሩ፣ መልሱን አንቺ ነሽ የምትሰጪው።

ሻንጣው ሲታሰር ስልክ ላይ ሁኚ። እናትሽ የመንዝ ቅቤ ሳይዙ አይነሱም፤ እሱ ግን አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በተጓዥ ሻንጣ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳይገባ ይከለክላል፦ ቅቤ፣ ዓይብ፣ ቋንጣ፣ ሁሉም። ፍራንክፈርት ላይ ጉምሩኩ ከፍቶ ፊታቸው ላይ ከሚጥለው እዚህ ለልጅ ልጆች ቢቀባ ይሻላል። ጤና አዳሙንም እርጥቡን እንዳይዙ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ በሶ ይምጣ። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ቅቤ የቀረባቸው እናት ባዶ እጃቸውን የመጡ ይመስላቸዋል፤ «ማሩ ነው ያማረኝ» በያቸው።

ጉዞው ራሱ አያስፈራም። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ነው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሌላ አገር ላይ የሚያስለውጥ ርካሽ ትኬት አይገዛላቸው፤ ቋንቋ የማይችል ሰው በሌሊት በር እየለወጠ መሮጥ የለበትም። ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ይጠየቅላቸው። አባትሽ «እግሬ ምን ሆነ!» ብለው ይቆጣሉ፤ ጥቅሙ መራመዱ አይደለም፣ ከአውሮፕላኑ በር እስከ አንቺ ድረስ ፓስፖርት ቁጥጥሩን፣ ሻንጣውን ሁሉ የሚያሻግራቸው ሰው ማግኘቱ ነው። ከጥቅምት 2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ድንበሩ ላይ አሻራና ፎቶ መውሰድ ተጀምሯል፤ ሊዘገዩ ስለሚችሉ በር ላይ ቆመሽ አትደንግጪ። የመመለሻ ትኬት፣ የመድን ወረቀት፣ ያንቺ አድራሻና ስልክ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ በሻንጣ አይሁን። የደም ግፊት ወይ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሙሉውን ጊዜ ከሐኪም ወረቀት ጋር ይያዙ፤ የጉዞ መድን ለድንገተኛ ሕመም ነው እንጂ የነበረን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

ከደረሱ በኋላ ሥራ ስጫቸው። ለእናትሽ ቁልፍ ቅረጪላቸው። መጀመሪያ ከዶርሙ እስከ ሱቁ ያለውን መንገድ ብቻ አስተምሪ፤ ሳምንት ሲሆነው እስከ ትራሙ። የላቲን ፊደል ባያነቡ ቁጥር ያነባሉ፤ የትራሙን ቁጥርና የፌርማታውን ፎቶ ስልካቸው ላይ አስቀምጪ። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ መግዛት የሳቸው ኃላፊነት ይሁን። በወር የሚከፈለውን የዶይችላንድ ቲኬት ብታወጪላቸው የክልል ባቡርና የከተማውን ትራም ሁሉ ያሳፍራቸዋል፤ ግን ውል ነውና በወሩ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዝሽው ወደሚቀጥለው ወር ይዘልቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሐበሻ ቤተሰብ «እናትሽ ልጅ ይጠብቁልን፣ እንከፍላለን» ቢልሽ እምቢ በይ። በጉብኝት ቪዛ የሚከፈልበት ሥራ መሥራት አይፈቀድም።

ለአባትሽ ሦስት ቦታ አለኝ። አንደኛ ቦን። እሳቸው ያደጉት ምሽት ላይ ሬዲዮ እያዳመጡ ከሆነ የጀርመን ድምፅን ያውቁታል፤ የአማርኛው ክፍል ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ቦን ነው። በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሕንፃውን በውጭ ቢያዩት እንኳ ለመሐል ሜዳ የሚበቃ ወሬ ነው። ሁለተኛ ከኮሎኝ ወደ አኸን ባለው ሜዳ ላይ ያለው እርሻ። ገብሱና ስንዴው ያኔ ታጭዷል፣ ግን ድንች ይቆፈራል፣ ትራክተር ያርሳል። ከባቡር አውርደሻቸው በእርሻው ዳር ይሂዱ፤ አፈሩን ዘግነው ይዩት፤ የበሬ ገበሬ ናቸውና የሚጠይቁሽን ጥያቄ ለመመለስ ተዘጋጂ። ሦስተኛ የኮሎኝ ቢራ ቤት። ቢራው ከገብስ ነው፣ ብርጭቆው 0.2 ሊትር ብቻ ነው፤ አባትሽ ሲያዩት ይስቃሉ። ግን ባዶ ሲሆን አሳላፊው ሳይጠየቅ ሌላ ያመጣል፤ በቃኝ ለማለት የብርጭቆውን ማስቀመጫ ካርቶን ብርጭቆው አፍ ላይ መክደን ነው። «ጠጡ እንጂ» የሚል አገር ሌላም አለ ይላሉ።

ካቴድራሉን ለሁለቱም አሳዪያቸው። የተጀመረው በ1248፣ ያለቀው በ1880 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ይኩኖ አምላክ ከመንገሡ በፊት መሠረቱ የተጣለ ሕንፃ ነው በያቸው። ከፍታው 157 ሜትር ነው። ከሁሉም በላይ ግን እናትሽን ከመንበሩ ጀርባ ወዳለው ወርቃማ ሣጥን ውሰጃቸው፤ የሰብአ ሰገል ዐፅም አርፎበታል ተብሎ ይታመናል። በገና የሚሰሙትን ታሪክ እዚያ ሲያገኙት ከጉዞው ሁሉ ያ ይበልጥባቸዋል። እሑድ እሑድ ግን ወደ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውሰጃቸው፤ ኮሎኝ ውስጥ አለ። ከቅዳሴ በኋላ እናትሽ ካንቺ ዕድሜ እኩያ የሆኑ ሳህን አጣቢዎች፣ አስታማሚዎች፣ ሹፌሮች ያገኛሉ፤ ያንቺን ሥራ ካንቺ በተሻለ እነሱ ያስረዱልሻል።

«መቼ ነው የምታገቢ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ማምለጫ የለሽም፤ «ስመረቅ» በይና እለፊ።

የስጦታውን ነገር ቀድመሽ አንሺ። እነሱ ሲመለሱ የጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ የማኅበሩ ዓይን ሻንጣው ላይ ነው፤ ወላጆችሽ ይህን ስለሚያውቁ በመጨረሻው ሳምንት ይጨነቃሉ፣ አንቺም ተጨንቀሽ ያለሽን ታወጫለሽ። ከመምጣታቸው በፊት ስም ዝርዝሩን ከእናትሽ ጋር በስልክ ጻፉ፤ ከአሥር ሰው አይብለጥ። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥ ንጹሕ ካፖርትና ሹራብ በጥቂት ዩሮ ይገኛል፤ እናትሽ ራሳቸው እየመረጡ፣ እየተደራደሩ ይግዙ፤ ዋጋ እንደማይቀነስ ሲነገራቸውም መደራደራቸውን አይተዉም። ለንስሐ አባታቸው የማንበቢያ መነጽር፣ ለወንድምሽ የሚያስፈልገውን እሱኑ ጠይቂ፤ ፓስፖርቱን ያወጣላቸው እሱ ነውና።